ኔትቢኤስዲን አሮጌ ማክ ላይ ማስነሳት፦ ጥያቄዬና የመጡልኝ 24 ምላሾች

የውይይት ክሩ ረዝሟል። አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ሲያነብ እንዳይደክመው፣ መጀመሪያ የጻፍኩትንና ከዚያ በኋላ የመጣውን በቁጥሩ እየጠራሁ እዚህ እተርካለሁ። የማንንም ቃል አልገለብጥም፤ በራሴ አነጋገር ነው የምጽፈው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእኛን እጠቀማለሁ፤ ምክንያቱን እዚያው ታገኙታላችሁ።

የመነሻ ጽሑፌ ይህን ይላል። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አንድ ትምህርት ቤት አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ ማኪንቶሽ ኤልሲ 475 አገኘሁ። በ1993 የወጣ፣ እንደ ፒዛ ካርቶን ጠፍጣፋ የሆነ ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ሞቶሮላ 68ኤልሲ040 ይባላል፤ ፍጥነቱ 25 ሜጋኸርዝ ነው። ቦርዱ ላይ 4 ሜጋባይት ሜሞሪ ተበይዷል። እኔ 32 ጨምሬ 36 አደረስኩት። በዚህ ላይ ኔትቢኤስዲ ወይም ሊኑክስ የሚባሉትን የክፍት ምንጭ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ማስነሳት ፈለግሁ።

ከጥያቄው ጋር አንድ ነገር በድፍረት ጻፍኩ። የክፍት ምንጭ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ወደ ሌላ ማሽን ማዛወር፣ እኛ ፖርት ማድረግ የምንለው፣ ኮዱን ለሌላ ፕሮሰሰር እንደገና ኮምፓይል ማድረግ፣ ማለትም ወደ ማሽኑ ቋንቋ መለወጥ፣ ነው አልኩ። ኮዱ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው፤ ኮምፓይለሩ አለ፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜና እሁድ ይበቃል ብዬ አመንኩ። ክሩን ያስረዘመው ይህ አባባሌ ነው።

ቁጥር 1 አዲስ አበባ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግኑ፣ በዕድሜም በሙያም አንጋፋ ሰው ናቸው። በኋላ ሁላችንም ጋሼ እያልን ነው የጻፍንላቸው። ስለ ሶፍትዌር አንድም ቃል አላነሱም። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈትና ሁለት ነገር እይ አሉኝ፦ ባትሪውንና ካፓሲተሮቹን። የዚያ ዘመን ማኮች ቦርድ ላይ 3.6 ቮልት የሆነች አጭር የሊቲየም ባትሪ አለች። ስታረጅ ትፈነዳለች፤ አሲዷም ቦርዱን ይበላዋል። ትንንሾቹ ክብ ካፓሲተሮችም ከሥራቸው ፈሳሽ ያንጠባጥባሉ። በመጨረሻም ቺፑ ላይ የተጻፈውን እያንዳንዱን ፊደል አንብበህ ላክልኝ አሉ። ለምን እንደፈለጉት ያኔ አልገባኝም ነበር።

ከፈትኩት። ባትሪዋ ደህና ነበረች። ካፓሲተሮቹ ሥር ግን ቦርዱ ደብዝዞ፣ አንዳንድ ቦታ አረንጓዴ ሆኖ አገኘሁት። አንዱን ለመንቀል መበየጃውን ሳስጠጋ ስታኞው ከመቅለጡ በፊት ሽታው ወጣ። የበሰበሰ ዓሣ ነው የሚሸተው። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አጽድቼ አዳዲስ ካፓሲተሮች በየድኩበት። ባትሪዋንም ከቦርዱ አውጥቼ በሁለት ሽቦ ወደ ውጭ አደረግኋት። ጨርሶ መጣል አልቻልኩም፤ ጋሼ እንዳስጠነቀቁኝ ይህ ማሽን ባትሪው ካለቀ ምስል አያሳይም። ያኔ ያለው መላ ማብራት፣ ትንሽ መጠበቅ፣ ማጥፋትና ቶሎ መልሶ ማብራት ነው።

ቁጥር 2 ስቶክሆልም የሚኖር፣ የኮሞዶር ኩባንያ ኮምፒውተር የሆነው የአሚጋ ወዳጅ ነው። የራሱን ታሪክ ነገረን። በ1992 የወጣውን አሚጋ 4000 ገዝቶ ሊኑክስ ሊጭንበት ሞከረ። ሣጥኑ ላይ የፕሮሰሰሩ ቁጥር 030 ስለሚል ተማምኖ ነበር። ውስጡ ያለው ግን 68ኢሲ030 ሆኖ ተገኘ፤ የሜሞሪ አስተዳደር ክፍል፣ ማለትም ኤምኤምዩ፣ የሌለው ርካሹ ዓይነት። ሙሉ ፕሮሰሰር ያለው ካርድ እስኪያገኝ ብዙ ወር ጠበቀ።

ቁጥር 3 ተማሪ ነው። ኤምኤምዩ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አስረዳ፤ ምሳሌው ደስ ብሎኛል። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ተከራዮች አሉ እንበል። ሁሉም ጓዳዬ ይላል። የትኛው ጓዳ የማን እንደሆነ የሚያውቀውና አንዱ የሌላውን በር እንዳይከፍት የሚከለክለው አከራዩ ነው። ፕሮግራሞቹ ተከራዮች ናቸው፤ ኤምኤምዩ ከከርነሉ፣ ማለትም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ጋር ሆኖ አከራይ ነው። ያለ እሱ አንዱ ፕሮግራም ሲሳሳት ሁሉም ይፈርሳል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ግን ኤልሲ የሚል ቺፕም ኤምኤምዩ የለውም፣ ስለዚህ ማሽኑን ተወው ብሎ መከረኝ።

ቁጥር 4 እዚህ ላይ ቆጣ ብላ ገባች። ቴል አቪቭ የምትሠራ የኢምቤድድ ሲስተም ባለሙያ ናት። ኢሲ እና ኤልሲ አንድ አይደሉም አለች። 68ኤልሲ040 ኤምኤምዩ አለው፤ የጎደለው የነጥብ ቁጥር የሚያሰላው ክፍል፣ ኤፍፒዩ፣ ነው። 68ኢሲ040 ግን ሁለቱም የሉትም። ሳያረጋግጡ መጻፍ ሰው ደህና ማሽን እንዲጥል ያደርጋል ብላ ልጁን ገሠጸችው። ቁጥር 5 የልጁ ይቅርታ ነው፤ አንድ መስመር፣ ጨዋ። አነጋገሯ ለእኔም ጠንከር ብሎብኝ ነበር። በሳምንቱ የደረሰብኝን ሳይ ግን ትክክል እንደነበረች ገባኝ፤ በዚህ ሥራ አንድ ፊደል ብዙ ነገር ይለውጣል።

ቁጥር 6 የኔን አባባል ያፈረሰው ነው። ከሁሉም ረጅሙ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እነግራችኋለሁ። ጸሐፊው በመጀመሪያ ከኮዱ አብዛኛው በርግጥ እንደገና ኮምፓይል ከመደረግ በቀር ሌላ እንደማይፈልግ አመነልኝ። ከዚያ ቀሪውን ዘረዘረ። ከርነሉን ማን ሜሞሪ ላይ ያስቀምጠዋል? የማክ ሮም፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፣ የሚያውቀው የአፕልን ማክ ኦኤስ ብቻ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ማክ ኦኤስ ይነሳል። በእሱ ላይ ቡተር የሚባል ትንሽ ፕሮግራም ይከፈታል። ቡተሩ ከርነሉን ጭኖ ማሽኑን ያስረክበዋል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማክ ኦኤስ የለም። ከርነሉ የኤምኤምዩ ሰንጠረዦችን ራሱ መሙላት አለበት። ሰዓት ቆጣሪው የት እንዳለ፣ ኢንተረፕት፣ ማለትም የየክፍሉ ጥሪ፣ በየት እንደሚመጣ ማወቅ አለበት። ስክሪኑም ፊደል አያውቅም። ማክ እንደ ፒሲ የጽሑፍ ሞድ ኖሮት አያውቅም፤ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ በነጥብ መሳል የከርነሉ ሥራ ነው።

የባሰው ደግሞ ይህን ሁሉ የሚነግር ሰነድ ማጣት ነው። ኮሞዶር የአሚጋን ሃርድዌር የሚያብራራ መጽሐፍ ለገበያ አውጥቶ ነበር። አፕል ግን ለሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጸሐፊዎች የሚበቃ ዝርዝር አልሰጠም። ሰዎቹ የትኛው አድራሻ ምን እንደሚያደርግ እየሞከሩ፣ ማሽኑ ሲደርቅ እያጠፉ፣ እንደገና እያበሩ ነው ያገኙት። የ68ኬ፣ ማለትም የእነዚህ የሞቶሮላ ፕሮሰሰሮች ቤተሰብ፣ ሊኑክስ አሚጋና አታሪ በሚባሉት ኮምፒውተሮች ላይ ቀድሞ ማክ ላይ የዘገየውም ለዚህ ነው።

እዚሁ ምላሽ ላይ ስለ ኔትቢኤስዲ የተጻፈው በጣም ማረከኝ። ፕሮጀክቱ በ1993 ሲጀመር አንስቶ ማሽን የሚነካውን ኮድ ማሽን ከማይነካው ለይቶ ማስቀመጥን መርሑ አድርጎታል። የኔ ማክ ዲስኩን የሚያናግረው በ53ሲ96 ስካዚ ቺፕ ነው። የዚሁ ቤተሰብ ቺፖች ሰን የሚባለው ኩባንያ ኮምፒውተሮች ውስጥም አሉ። ቺፑን የሚያዘው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ልቡ አንድ ነው፤ ለሰንም ለማክም ለአሚጋም ያገለግላል። ለእያንዳንዱ ማሽን የሚጻፈው ቺፑን ከቦርዱ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ክፍል ብቻ ነው። አንዱ ማሽን ላይ የተስተካከለ ስህተት ለሌሎቹም ይደርሳል። የኔ ዲስክ መሥራት፣ ዓይቶኝ የማያውቅ የሰን ባለቤት ከዓመታት በፊት ያስተካከለው ነገር ውጤት ሊሆን ይችላል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ማሽኑን የማይበት ዓይን ተለወጠ።

ቁጥር 7 ቀዝቃዛ ውኃ ቸለሰብን። ይህ ሁሉ ጊዜና መብራት ማባከን ነው፣ ባለ ጥቂት ዶላር ራስበሪ ፓይ ከዚህ ማሽን ብዙ እጥፍ ይፈጥናል አለ። አገር ቤት ያሉ ልጆች ሥራ የሚያስገኝ ነገር ቢማሩ ይሻላል ብሎም ጨመረ። ቁጥር 8 በቁጣ መለሰለት፤ የሰው ትርፍ ጊዜ ላይ ማን ዳኛ አደረገህ የሚል መንፈስ ያለው ጽሑፍ ነው፤ ዝርዝሩን ልዝለለው።

ቁጥር 9 ግን በእርጋታ ነው የተከራከረው። ዛሬ በየቤቱ ያሉት ማሽኖች ከሞላ ጎደል ሁሉም የቁጥሩን ትንሹን ባይት አስቀድመው ያስቀምጣሉ። 68ኬ ትልቁን ያስቀድማል። ፒሲ ላይ ብቻ የተሞከረ ፕሮግራም ውስጥ የተደበቀ ስህተት እዚህ ሲመጣ ወዲያው ይገለጣል። በተጨማሪ 68ኬ ላይ በተለመደው አሠራር ባለ 32 ቢት ቁጥር በ4 ሳይሆን በ2 በሚካፈል አድራሻ ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ብዙ ዘመናዊ ሶፍትዌር ይህን አያውቅም፤ ይወድቃል። ቁጥር 9 ይህን ሲያርም ሲ ቋንቋን በቅጡ እንደተማረ፣ ዛሬ እንጀራ የሚበላበት ሙያም ከዚያ እንደጀመረ ጻፈ። ለቁጥር 7 ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም።

ቁጥር 10 የኔ ነው። ካጸዳሁ በኋላ ከርነሉ ተነሳ። ነጭ ስክሪን ላይ መስመሮቹ እየወረዱ ዲስኩን አገኘው፣ ሜሞሪውን ቆጠረው። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ይወድቁ ጀመር። አንዴ የፋይል ዝርዝር ሳይ፣ አንዴ የይለፍ ቃል ስጽፍ። ያው ትእዛዝ አንዴ ይሠራል፣ ሌላ ጊዜ ይሞታል። ሜሞሪውን ለወጥኩ፣ ዲስኩን ለወጥኩ፣ ምንም። ያኔ የጋሼ ጥያቄ ትዝ አለኝና በስልኬ መብራት ቺፑን አየሁት። ኤክስሲ68ኤልሲ040፣ ከሥሩ ደግሞ 2ኢ23ጂ።

ቁጥር 11 በግማሽ ሰዓት ውስጥ መጣ፤ ያቺው ቁጥር 4 ናት። ስህተቱ የኔ አይደለም፣ የቺፑ ነው አለችኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፍፒዩ የሌለው ቺፕ የነጥብ ስሌት ትእዛዝ ሲያገኝ ኤፍ ላይን የሚባል ጥሪ ያነሳል። ከርነሉ ጥሪውን ሰምቶ ስሌቱን በሶፍትዌር ይሠራለታል። ፕሮግራሙ ኤፍፒዩ እንደሌለ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ 68ኤልሲ040 ቺፖች ግን ጥሪውን ሲያነሱ ወደ ሜሞሪ ሊጽፉት ጀምረው ያላለቀ ነገር ካለ ይጠፋባቸዋል። ሁልጊዜ አይደለም፤ ሁለቱ ነገሮች ሲገጣጠሙ ብቻ። ለዚህ ነው ያው ትእዛዝ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚሞተው። ከርነሉ የጠፋውን ጽሕፈት መልሶ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። ሞቶሮላ ራሱ ባወጣው የስህተት ዝርዝር መሠረት ችግሩ የተወገደው 2ኢ71ኤም ከሚለው ማስክ፣ ማለትም ከዚያ የቺፑ ንድፍ እትም፣ ጀምሮ ነው። እሱ የወጣው በ1995 አጋማሽ ሲሆን፣ ያኔ ነው የቺፑ ስም ከኤክስሲ ወደ ኤምሲ የተቀየረው። 2ኢ23ጂ ደግሞ ኤልሲ 475 ውስጥ ገብቶ ስህተቱ እንዳለበት የተረጋገጠ ነው።

ጋሼ በቁጥር 12 ተመለሱ። ከመጀመሪያውም የጠረጠሩት ይህንኑ ነበር። መፍትሔውም ቀላል ነው አሉ፤ ቺፑ ሶኬት ላይ ስለሆነ ኤፍፒዩ ያለውን ሙሉውን 68040 በቦታው መሰካት ይቻላል። 179 እግር አለው። በካቻቢቴ በአንድ በኩል ብቻ ከፈለቀቅከው ትሰብረዋለህ፤ በአራቱም ጎን በየተራ ትንሽ ትንሽ አንሳው። ሙሉው የበለጠ ስለሚሞቅ ሙቀት የሚያወጣ ብረትም አድርግበት። ምክራቸው ይህ ነበር።

ቁጥር 13 የሚያገለግል ምክር ነው። እውነተኛውን ማሽን ከማድከም በፊት ኪውኤምዩ ላይ ሞክር ይላል፤ ኳድራ 800 የሚባለውን ማክ መስሎ ይሠራል። ከርነሉንም እዚያ ማክ ላይ አትሥራ። ኔትቢኤስዲ ቢልድ የሚባል ስክሪፕት አለው፤ ላፕቶፕህ ላይ ሆነህ ለ68ኬ ሙሉ ሲስተም ያወጣልሃል። ኤልሲው ራሱ ላይ ከሆነ ቀናት ይፈጃል።

እዚህ ላይ ቁጥር 14 የተቃውሞ እጁን አወጣ። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለው የሌላ ክፍት ምንጭ ሲስተም ሰው ነው። እነሱ ሲስተሙን የሚሠሩት በዚያው ማሽን ላይ ነው። አንድ ማሽን ራሱን ኮምፓይል ማድረግ ካቃተው ፖርቱ ጤነኛ አይደለም ብለው ያምናሉ። አቋሙን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ዋጋ አለው። ኦፕንቢኤስዲ ቫክስ የሚባለውን አሮጌ ማሽን ይዞ የወጣው ለመጨረሻ ጊዜ በ2016 በ5.9 እትሙ ነው። ኔትቢኤስዲ ግን ዛሬም የቫክስ ፖርት አለው። እኔ የትኛው ማሽን በሕይወት ቆየ ብዬ ነው የምመዝነው።

ቁጥር 15 ሊኑክስ አሮጌ ነገር አይጥልም ብሎ ጀመረ። ወዲያው በሥሩ ታረመ፤ እርማቱም የቁጥር 15 ቅጥያ ሆኖ ገባ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 ሊኑክስን የጀመረው 386 በሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ነው። ያኔ ራሱ ኮዱ ከ386 ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ወደ ሌላ ማሽን የሚዛወር አይደለም ብሎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ሰዎች ወደ አሚጋና አታሪ ወሰዱት። የ386 ድጋፍ በ2013 መጀመሪያ በወጣው የ3.8 እትም ተነቀለ። የተወለደበት ማሽን ወጣ፣ 68ኬው ግን አሁንም ከርነሉ ውስጥ አለ። 386 ብዙ ፕሮሰሰር ላለበት ማሽን የሚያስፈልጉ ትእዛዞች ስለሚጎድሉት ኮዱን ለሁሉም ያወሳስብ ነበር። 68ኬው ደግሞ ለብቻው በተቀመጠ ማውጫ ውስጥ ነው፤ ማንንም አያስቸግርም። ጊርት ኡይተርሁቨንን የመሰሉ ሰዎችም ለብዙ ዓመት ሳይሰለቹ ይዘውታል።

ከሁሉም ያስጨነቀኝ ቁጥር 16 ነው። ፖርት ከርነል ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ኮምፓይለር አለ። ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ውስጥ ሲሲ0 የሚባል አሮጌ አሠራር ነበር። የጂሲሲ ሰዎች ከ11ኛው እትም በፊት ወደ አዲሱ ያልተቀየረ ፕሮሰሰር ሁሉ ይወጣል አሉ። 68ኬ አልተቀየረም ነበር። ኮምፓይለሩ ከቆመ ሊኑክሱም ኔትቢኤስዲውም በአንድ ቀን ይቆማሉ። የአሚጋ፣ የአታሪና የማክ ሰዎች ገንዘብ አዋጡ። በርንድ ሽሚት የሚባል የኮምፓይለር ባለሙያ ሥራውን ሠራ፤ በ2019 መጨረሻ ገባ። ከዚያ ወዲህ በ2021 ኤልኤልቪኤም የሚባለው ሌላ የኮምፓይለር ፕሮጀክትም በሙከራ ደረጃ 68ኬን ተቀብሏል። ዴቢያን የሚባለው የሊኑክስ ስርጭት ግን ከ2007 ጀምሮ 68ኬን ከዋናው ዝርዝር አውጥቶታል፤ አሁን የሚኖረው በፈቃደኞች ጎን ለጎን ነው።

የመነሻ ጽሑፌ መጨረሻ ላይ ይህን የሚያስነሳ ሰው ለምን አነሰ ብዬ ጠይቄ ነበር። መልሱን እዚህ አገኘሁ። ብረቱ ሠላሳ ዓመት ቆይቷል። የሚያንሰው ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር የሚሞክርለት ሰው ነው።

ከዚያ ክሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ቁጥር 17 አማርኛ ያሳያል ወይ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 18 እኔ ፈጽሞ የማላውቀውን ነገር አመጣ። የሊኑክስ ኮንሶል ፊደላት ውስጥ ጎሃ፣ ጎሃ ክላሲክ እና አጋፋሪ የሚባሉ የግዕዝ ቅርጾች አሉ። ዴቢያን ላይ ጎሃና ጎሃ ክላሲክ ኢትዮጵያን በሚል ስም ተመድበው ይገኛሉ። የፒሲ የጽሑፍ ሞድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ቢበዛ 512 ቅርጽ ነው። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ በ1999 በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያስገባ 345 ምልክት ነበረው። ስለዚህ ላቲኑም ግዕዙም አብረው ይገባሉ። ክፍያው ቀለም ነው፤ 512 ስትጠቀም የጽሑፍ ቀለሞቹ ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ።

ቁጥር 19 በወረቀት ላይ ስሎ ያሳየን ሰው ነው። አንድ ፊደል የሚያገኘው ስፋት 8 ነጥብ ነው። ሐ ሦስት እግር አላት። ለእያንዳንዱ እግር አንድ ነጥብ፣ በመካከላቸው ሁለት ሁለት ነጥብ ክፍተት፣ ድምር 7። ስምንተኛው ከሚቀጥለው ፊደል የሚለይ ባዶ ነው። ሒ ስትመጣ ግን ከመጨረሻው እግር ወደ ቀኝ የምትወጣው ቅጥያ ቦታ የላትም። ወይ እግሮቹን ማጥበብ፣ ወይ ፊደሎቹን ማጣበቅ ነው። እነዚያን ቅርጾች የሳለ ሰው በእያንዳንዷ ነጥብ ምን ያህል እንደተጨነቀ ወረቀቱን ሳይ ገባኝ። የኔ ማክ የጽሑፍ ሞድ ስለሌለው ገደቡ ሌላ ነው፤ ኤክስ የሚባለውን የመስኮት ሲስተም አስነስቼ ዩኒፎንት የሚባለውን የፊደል ቅርጽ ብጭን ፊደላችን ሙሉ በሙሉ አለ።

ቁጥር 20 ቁጥር 7ን የጻፈው ሰው ነው። ርእሱን ለቃችኋል፣ ስለ ከርነል ልናነብ መጥተን ስለ ሐ እግር እያነበብን ነው ብሎ በሻካራ ቃል ወረፈን። አልስማማም። ፊደልህን የማያሳይ ማሽን ላይ ያለ ሲስተም ለአንተ ገና አልመጣም።

ቁጥር 21 ከሁሉም የወደድኩት ነው። ባለ 32 ቢት የዩኒክስ ሰዓት ከ1970 ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራል፤ ጃንዋሪ 19፣ 2038 በግሪኒች 3፡14፡07 ላይ ይሞላል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። እሱ ግን ወደ እኛ አቆጣጠር መለሰው። ቀኑ ጥር 11፣ 2030 ነው፤ ጥምቀት። ሰዓቱም በአዲስ አበባ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ይሆናል። ሰው በነጠላው ተሸፋፍኖ ጃን ሜዳ ባሕረ ጥምቀቱ ዳር ሲቆም፣ ያልታረሙ ማሽኖች ቀኑን ወደ 1901 ይመልሱታል። ቁጥር 22 ስጋታችንን አቀለለልን፤ ኔትቢኤስዲ በ2012 በወጣው 6.0 ሰዓቱን በሁሉም ፖርቶች ላይ ወደ 64 ቢት አሳድጎታል፣ የኔ ማክም ጭምር። የማክ ኦኤስ የራሱ ሰዓት ግን ከ1904 ስለሚቆጥር በ2040 ፌብሩዋሪ ላይ ይሞላል።

ቁጥር 23 የኔ ነው፤ ባለፈው እሑድ ጻፍኩት። ሙሉ 68040 ብዬ ያዘዝኩት የመጀመሪያው ቺፕ ውሸት ነበር። ሻጩን አልጠራም። ጽሑፉ በጣም አዲስና ነጭ መሆኑ አጠራጠረኝና አልኮል በነካ ጥጥ ጠረግሁት። ጥቁሩ ቀለም ጥጡ ላይ ለቀቀ፣ ከሥሩ ኤልሲ የሚለው ብቅ አለ። ሁለተኛው እውነተኛ ሆነ። ጋሼ እንዳሉኝ አሮጌውን በአራቱም ጎን እያዞርኩ አነሳሁት። አዲሱን ሰካሁ፣ ብረቱን ለጠፍኩ፣ አበራሁ። መስመሮቹ ወረዱ፤ የሂሳብ ክፍሉ፣ ኤፍፒዩው፣ አለ የሚለው መስመር ታየ። ከዚያ ከሩቅ ለመግባት ለሚያገለግለው ለኤስኤስኤች ምስጢራዊ ቁልፍ መፍጠር ጀመረ። ባለቤቴ ቡና አቅርባ ነበር፤ አቦሉን ጠጣን፣ ቶናው አለፈ፣ በረካ ሲቀዳ ሎግ ኢን የሚለው መጣ። ሌሊቱን ሙሉ ትቼው አደርኩ። ጠዋት ሳየው አንድም ፕሮግራም አልወደቀም።

ቁጥር 24 ትናንት ማታ ገባ። አዲስ አበባ የምትኖር እህታችን ናት። አባቷ ድሮ ይሠሩበት የነበረ፣ ፐርፎርማ 475 የሚል ማሽን መጋዘን ውስጥ እንዳለ ጻፈች። ስሙ ይለይ እንጂ ከኔው ጋር አንድ ማሽን ነው። ማብራት ትችል እንደሆነ ጋሼን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የመብራት ሶኬት ላይ እንዳትሰኪው፣ መጀመሪያ ባትሪዋን አውጪ፣ ከዚያ ቺፑ ላይ ያለውን ፊደል በሙሉ አንብበሽ ላኪልኝ አሏት። ካቻቢቴ ልትፈልግ ወጣች። እስካሁን አልጻፈችም፤ 2ኢ23ጂ ይሁን 2ኢ71ኤም ሁላችንም እየጠበቅን ነው።